የእድገት መርፌ በከሳ ከብት ላይ ለምን አይሠራም? የሆርሞን ተቀባዮች በሴል ውስጥ የሚያደርጉት ጉዞ

አውስትራሊያ ውስጥ በግን ያለ መቀስ ለመሸለት የተሠራ አንድ ዘዴ አለ። የአገሪቱ የምርምር ተቋም የሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ሲሠሩበት ቆይተው በ1990ዎቹ መጨረሻ ባዮክሊፕ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጉ ከቆዳው ሥር አንድ መርፌ ይወጋል፤ ሱፉ እንዳይበታተን ገላው በመረብ ይሸፈናል። የሱፉ ሥር ለአጭር ጊዜ ሥራውን ያቆማል፤ በዚያች ጊዜ የበቀለው የጸጉር ክፍል ስለሚሳሳ ይበጠሳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መረቡ ሲወልቅ ሱፉ በእጅ ተገፍፎ ይነሳል። ከሥሩ ደግሞ አዲስ ሱፍ መብቀል ጀምሯል።

በመርፌው ውስጥ ያለው መርዝ አይደለም። ኢ.ጂ.ኤፍ የሚባል ፕሮቲን ሲሆን የበግም፣ የሰውም፣ የአይጥም ሰውነት ራሱ የሚሠራው የእድገት ቀስቃሽ ነው። ለእድገት የተሰየመ ነገር የሱፍን እድገት ማስቆሙ እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ቀስቃሾች ትእዛዝ ሳይሆኑ መልእክት ናቸው፤ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው መልእክቱ የደረሰው ሴል ነው። ለአድላቢና ለከብት ነጋዴ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ ውጤቱ ለምን ጊዜያዊ ሆነ? ሱፉ ለምን ተመልሶ በቀለ? የመልሱ አንዱ ክፍል ያለው በሴሉ ገጽ ላይ ቆሞ መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮቲን፣ ማለትም ተቀባዩ፣ መልእክቱን ከያዘ በኋላ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ይህ መንገድ በከሳ ሠንጋ ላይ የሚወጣ የመርፌ ገንዘብ ለምን ባክኖ እንደሚቀርም ያስረዳል።

ኢ.ጂ.ኤፍን ያገኘው አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ነው። ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ አዲስ የተወለዱ የአይጥ ግልገሎችን ሲወጋ ዓይናቸው ከጊዜው ቀድሞ ተከፈተ፤ ጥርሳቸውም ቀድሞ ወጣ። ይህን ያደረገውን ፕሮቲን ለይቶ በ1962 አሳተመ፤ በ1986ም ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን በ1976 ከግራሃም ካርፔንተር ጋር ያሳተመው ሥራ ነው። ሁለቱ ኢ.ጂ.ኤፍን በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት አድርገው በላቦራቶሪ ለሚያድጉ የሰው የቆዳ ሴሎች ሰጡ። ፕሮቲኑ መጀመሪያ በሴሎቹ ገጽ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ግን እዚያው አልቆየም። ወደ ውስጥ ገባ፣ ተሰባበረ፣ ስባሪውም ተመልሶ ወደ ውጭ ተጣለ። አብሮም ሌላ ነገር ታየ፦ ሴሎቹ በገጻቸው ላይ የነበሯቸው ተቀባዮች ቁጥር ቀነሰ። ሁለተኛ ኢ.ጂ.ኤፍ ቢሰጣቸው እንኳ የሚይዙበት እጅ አነሰ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ጥናቶች መንገዱ በደንብ ታውቋል። የእድገት ቀስቃሹ ተቀባዩን ሲይዝ የሴሉ ሽፋን በዚያ ቦታ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ጉድጓዱን ከውስጥ በኩል ክላትሪን የሚባል ፕሮቲን እንደ ቅርጫት ይደግፈዋል። ጉድጓዱ አንገቱ ታንቆ ይቆረጥና ትንሽ ከረጢት ሆኖ ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ የሚደርሰው ኢንዶሶም ወደሚባል ክፍል ነው።

ኢንዶሶምን ከብት ነጋዴ በሚያውቀው ነገር ለመግለጽ ከተፈለገ ከገበያ የተነሱ ከብቶች የሚለዩበት ማቆያ በረት ነው። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ገበያው መመለስ ነው፦ ተቀባዩ ወደ ሴሉ ገጽ ተመልሶ እንደገና መልእክት ይይዛል። ሌላው ቄራ ነው፦ ተቀባዩ ላይሶሶም ወደሚባለው፣ ፕሮቲን ወደሚፈጭበት አሲዳማ ክፍል ይላካል፤ ከዚያ የሚመለስ የለም። ወደ ቄራው የሚሄደው እንዲታወቅ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ ዩቢኪቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሲ.ቢ.ኤል የተባለ ኤንዛይም በተቀባዩ ላይ ዩቢኪቲን ይለጥፋል፤ የኢንዶሶሙ መለያ መሣሪያም ይህን የጆሮ ምልክት አይቶ ተቀባዩን ወደ ላይሶሶም መስመር ያስገባዋል።

ይህ መለያየት ትርፍና ኪሳራ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ግሩም ምሳሌ አለ። በኢ.ጂ.ኤፍ ተቀባይ ላይ የሚጣበቅ ሌላ ዘመድ ቀስቃሽ አለ፤ ቲ.ጂ.ኤፍ-አልፋ ይባላል። ሁለቱ የሚይዙት ያንኑ ተቀባይ ነው፤ በሴሉ ገጽ ላይ የሚናገሩትም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከገቡ በኋላ ነው። የኢንዶሶሙ ውስጥ ለስለስ ያለ አሲድ አለው፤ ፒኤቹ 6 ገደማ ነው። ቲ.ጂ.ኤፍ-አልፋ በዚህ አሲድ ውስጥ ተቀባዩን ይለቃል፤ ኢ.ጂ.ኤፍ ግን አይለቅም። ነጻ የወጣው ተቀባይ በአብዛኛው ወደ ገጹ ይመለሳል፤ ያልተለቀቀው ወደ ላይሶሶም ይሄዳል። ስለዚህ ቲ.ጂ.ኤፍ-አልፋ የተሰጣቸው ሴሎች ተቀባያቸውን ጠብቀው መልእክቱን ደጋግመው ይሰማሉ፤ ኢ.ጂ.ኤፍ የተሰጣቸው ቶሎ ጆሯቸው ይዘጋል። መጠኑ አንድ፣ በሩም አንድ ሆኖ ውጤቱ የተለያየው ከበሩ በኋላ ባለው መንገድ ምክንያት ነው።

ያው የኢንዶሶም አሲድ በቀንድ ከብት ንግድ ላይ ሌላም ታሪክ አለው። የአፍተ እግር በሽታ ቫይረስ ወደ ከብቱ ሴል ለመግባት ኢንተግሪን በሚባሉ የገጽ ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በዚሁ በክላትሪን በር ተጭኖ ኢንዶሶም ይደርሳል። አሲዱ የቫይረሱን ቅርፊት ይከፍተዋል፤ የዘር ይዘቱም ወደ ሴሉ ይወጣል። ቫይረሱ በሴሉ ውስጥ የሚጠቀምበት ይህ ለአሲድ አለመቻል ከሴሉ ውጭ ግን ያጠፋዋል። ሥጋ ከእርድ በኋላ በአግባቡ ሲቆይ በጡንቻው ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይፈጠርና ፒኤቹ ከ6 በታች ይወርዳል፤ በሥጋው ውስጥ ያለው ቫይረስ ይጠፋል። መቅኒና የንፍፊት ዕጢዎች ግን እንዲህ አሲድ ስለማይሆኑ አጥንቱና ዕጢዎቹ ይወጣሉ። ቦትስዋናን የመሳሰሉ አገሮች አጥንት አልባ ሥጋ ወደ አውሮፓ የሚልኩት በዚህ መሠረት ነው። በረጅም ጉዞ የደከመና የተራበ ሠንጋ ሲታረድ ጡንቻው ውስጥ አሲድ የሚሆን ስኳር ስለማይቀር ፒኤቹ ሳይወርድ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ከመለኪያው በላይም ሆኖ ይወድቃል። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

ወደ ተቀባዮቹ ስንመለስ፣ የረጅም ጊዜ ግንዛቤው ወደ ሴሉ ውስጥ መግባት ማለት መልእክቱን መዝጋት ብቻ ነው የሚል ነበር። ይህ ግማሹ እውነት ነው። በ1994 በካናዳ የሞንትሪያል ተመራማሪዎች ከአይጥ ጉበት ኢንዶሶሞችን ለይተው ሲያወጡ የኢ.ጂ.ኤፍ ተቀባይ ከመልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖቹ ጋር ተያይዞ አገኙት። ተቀባዩ በማቆያው በረት ውስጥም ሆኖ እየተናገረ ነበር። በ1996 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት የክላትሪን ከረጢቶች እንዳይቆረጡ የተደረጉ ሴሎች ታዩ። በሩ ተዘግቶ ተቀባዩ ገጹ ላይ ሲቀር አንዳንዱ መልእክት ጨመረ፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀነሰ። ቦታው ራሱ የመልእክቱ ክፍል ነው ማለት ነው። በነርቭ ሴል ላይ ይህ የበለጠ ይታያል፦ የአንድ ሠንጋ የእግር ነርቭ ጭራ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከጫፉ የተያዘ የእድገት ቀስቃሽ መልእክት እስከ ሴሉ እምብርት የሚደርሰው ተቀባዩ በከረጢት ተጭኖ በዚያ ጭራ ውስጥ ሲጓዝ ነው።

ለእርባታና ለድለባ ትልቁ ጉዳይ ግን የእድገት ሆርሞን ተቀባይ ነው። ሆርሞኑ ከአንጎል ሥር ካለው ከፒቱታሪ ዕጢ ይወጣል፤ ጉበት ላይ ባለው ተቀባይ ሲያዝ ጉበቱ አይ.ጂ.ኤፍ-1 የሚባለውን ቀስቃሽ ይሠራል። ሥጋና አጥንት ከሚያሳድገው ሥራ ብዙው የሚያልፈው በዚህ በሁለተኛው ነው። በሆላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የኸር ስትራውስ ቡድን በ1996 እንዳሳየው የእድገት ሆርሞን ተቀባይ ከገጹ ወደ ውስጥ ለመግባት የዩቢኪቲን ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ሥርዓቱ ሲቆም ተቀባዩም ሳይገባ ይቀራል። ከዚሁ ቡድን ሥራ የታወቀው ሌላው ነገር ይበልጥ ይገርማል፦ ይህ ተቀባይ ወደ ውስጥ ለመግባት ሆርሞን አይጠብቅም። ሆርሞን ቢኖርም ባይኖርም ሁልጊዜ ይገባል፣ አብዛኛውም ወደ ላይሶሶም ይሄዳል። በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ ዕድሜው የሚቆጠረው በቀናት ሳይሆን በሰዓት ገደማ ነው።

የዚህ ትርጉም ለኪስ ቅርብ ነው። ዕድሜው አጭር የሆነ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ እንዲኖር ሳይቋረጥ መመረት አለበት። ወተት የሚሸጥ ሱቅና ሲሚንቶ የሚሸጥ ሱቅ አቅርቦት ቢቋረጥባቸው ቀድሞ ባዶ የሚሆነው የወተቱ መደርደሪያ ነው። የእድገት ሆርሞን ተቀባይ እንደ ወተቱ ነው። ጉበት ተቀባዩን መሥራት ሲቀንስ ገጹ ወዲያው ይራቆታል፤ በክምችት የሚቆይ ነገር የለም። ጉበቱ ተቀባይ እንዲሠራ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ደግሞ የከብቱ ጥጋብ ነው።

በ1980ዎቹ ኒውዚላንድ ውስጥ በወጣት ወይፈኖች ላይ በተሠራ ጥናት በደንብ የተመገቡት ጉበት ሆርሞኑን አጥብቆ የሚይዝ ተቀባይ ሲኖረው በመኖ የተጎዱት ላይ ያ ተቀባይ ጠፍቶ ነበር። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያንኑ ነገር በወተት ላሞች ላይ አዩ። ላሟ ስትወልድ የምትበላው ከምታልበው ያንሳል፤ ጉበቷ ላይ ያለው የእድገት ሆርሞን ተቀባይ ይቀንሳል፤ በደሟ ውስጥ ሆርሞኑ ከፍ ብሎ አይ.ጂ.ኤፍ-1 ግን ዝቅ ይላል። ለላሟ ኢንሱሊን ሲሰጣት፣ ማለትም የጥጋብ መልእክት ሲደርሳት፣ የጉበቷ ተቀባይም አይ.ጂ.ኤፍ-1ም ተመልሰው ከፍ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት አለበት። በረሃብ ጊዜ የሚቀንሰው በዋናነት የተቀባዩ ምርት ነው እንጂ የአወጋገዱ ፍጥነት አይደለም። ነገር ግን ምርቱ ሲቀንስ ጉዳቱ በፍጥነት የሚሰማው ተቀባዩ ቀድሞውንም በፍጥነት የሚወገድ በመሆኑ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚታዩት።

የከሳ ከብት ደም በእድገት ሆርሞን የተሞላ ነው። ብዙ ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው፤ ከብቱ ያላደገው ሆርሞን አንሶት ይመስላል። በእርግጥ የጎደለው የሚሰማው ጉበት ነው። በዚህ ላይ ተጨማሪ ሆርሞን መውጋት በሩ ተዘግቶ ሳለ ደጋግሞ እንደ ማንኳኳት ነው። በአሜሪካ ቢ.ኤስ.ቲ የሚባለው የላም እድገት ሆርሞን በ1993 ሲፈቀድ የተሠራው በየ14 ቀኑ እንዲሰጥና ቀስ እያለ ከመርፌው ቦታ እንዲለቀቅ ነው፤ ሆርሞኑ በደም ውስጥም በሴልም ቶሎ ስለሚጠፋ ሌላ አማራጭ አልነበረም። በደንብ በተያዘ መንጋ ወተቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚጨምር ይነገራል። ካናዳ በ1999 ፈቃድ ከለከለችው፤ የአውሮፓ ኅብረትም አገደው፤ ምክንያታቸው በዋናነት የጡት በሽታና የእግር ችግርን የመሰለው የላሞቹ ጤና ነበር።

ሒሳቡ ሲሠራ ደግሞ ይህ ነው። ቀን 20 ሊትር የምታልብ ላም 15 በመቶ ብትጨምር 3 ሊትር ነው። በተለመደው ግምት አንድ ኪሎ የተመጣጠነ መኖ ሁለት ሊትር ገደማ ወተት ያወጣል፤ ስለዚህ ጭማሪው በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ተጨማሪ መኖ ይጠይቃል። መኖው ካልተጨመረ ላሟ ከገላዋ ታወጣለች፤ ከገላዋ ስታወጣ ተቀባይዋ ይቀንሳል፤ ተቀባይዋ ሲቀንስ የመርፌው ውጤት ይጠፋል፣ የመርፌው ዋጋ ግን አይጠፋም። ቀን 5 ሊትር ለምታልብ፣ ገለባ ለምትበላ ላም ደግሞ 15 በመቶው ሰባት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ነው፤ እሱም ከተገኘ።

ከድርቅ በኋላ በርካሽ የሚገዛ ሠንጋ ሌላ ገጽታ አለው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ወይፈን መኖ ሲያገኝ ከሌሎች በበለጠ ፍጥነት ይጨምራል፤ አድላቢዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቃሉ፣ ከሲታ ግን ጤነኛ፣ አጥንቱ ሰፊ ወይፈን የሚመርጡትም ለዚህ ነው። መኖ ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳል፣ ጉበቱ ተቀባዩን ዳግም ይሠራል፣ ቀድሞውንም በደሙ የነበረው የራሱ ሆርሞን ተሰሚ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ጥሩ ድርቆሽ ቀስ እያሉ መጨመር እንዲሁም ትል ማስወገድ ከማንኛውም የእድገት መርፌ የተሻለ የሆርሞን ሕክምና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉበትን የሚበላ ትል ያለበት ከብት ደግሞ ተቀባዩ የሚሠራበትን አካል ራሱን እያጣ ነው።

የተቀባዮች ጉዞ በንግድ ላይ የሚታይበት ሌላው ቦታ ቤታ-አጎኒስት የሚባሉት የመኖ ተጨማሪዎች ናቸው። ራክቶፓሚንና ዚልፓቴሮል የታወቁት ሁለቱ ናቸው። የሚይዙት የእድገት ቀስቃሽን ሳይሆን የአድሬናሊንን ተቀባይ ነው፤ ሆኖም ጉዞው ይመሳሰላል። መድኃኒቱ ሲቆይ ተቀባዩ መጀመሪያ ከመልእክት አስተላላፊው ይነጠላል፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲረዝም ቁጥሩ ይቀንሳል። በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ዚልፓቴሮል ከእርድ በፊት ባሉት የመጨረሻ ከ20 እስከ 40 ቀናት፣ ራክቶፓሚን ለቀንድ ከብት ከ28 እስከ 42 ቀናት ብቻ የሚበሉት በዚህ ምክንያትም ጭምር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያበላ ሰው ገንዘቡን ያወጣው ጡንቻው መስማት ላቆመ መልእክት ነው።

ጡንቻው መስማት ቢያቆምም የገዢው ላቦራቶሪ ግን አያቆምም። የመድኃኒቱ ቅሪት ተቀባዩ ኖረም አልኖረም በሽንት፣ በጉበትና በኩላሊት ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ተጨማሪዎችና የእድገት ሆርሞኖችን ለድለባ መጠቀም ይከለክላል፤ ቻይናም ራክቶፓሚንን ትከለክላለች። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ በ2012 ለራክቶፓሚን የቅሪት ጣሪያ ያጸደቀው በ69 ለ67 ድምፅ ነው፤ በሁለት ድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነገር ገዢዎችን አንድ ሊያደርግ እንደማይችል ግልጽ ነው። ዚልፓቴሮል በአሜሪካ ራሷ በ2013 አንድ ትልቅ ሥጋ አቀናባሪ ለመራመድ የተቸገሩ ከብቶች መጥተውብኛል ብሎ የበሉትን አልገዛም ካለ በኋላ አምራቹ ሽያጩን አቁሟል። ወደ ውጭ የሚላክ ከብት ደግሞ ከብዙ ትንንሽ በረቶች ነው የሚሰበሰበው። ከእነዚያ መካከል አንዱ ምን እንዳበላ ያልተጠየቀ እንደሆነ የሁሉም ጭነት ዋጋ በዚያ አንድ በረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰብሳቢው ነጋዴ ጥያቄውን መጠየቅ ያለበት ከበረቱ ደጃፍ ላይ፣ ከብቱ ከሌሎች ጋር ሳይቀላቀል ነው።